የኩሬ ደለልን በፌሮና በባልዲ ክዳን እንዴት እንለካለን?

ኩሬ በደለል ሲሞላ ምልክቱ ለማንም አይጠፋም። ከብት ውሃ ሊጠጣ ገብቶ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። ፓምፑ ጭቃ ይስባል። ድሮ እስከ ግንቦት የሚቆየው ውሃ መጋቢት ላይ ያልቃል። ስንት ደለል እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። "ግማሽ ያህል ሞልቷል" ይባልና ስካቫተር ይጠራል። የማሽኑ ባለቤት በዓይኑ ገምቶ ዋጋ ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ነው።

ጭቅጭቁን የሚያስቀረው ዕቃ ውድ አይደለም። አንድ ፌሮ፣ አንድ ቱቦ፣ የባልዲ ክዳን፣ ገመድና ደብተር ይበቃል። ሦስት ሰው ከተገኘ መካከለኛ ኩሬ በግማሽ ቀን ተለክቶ ያልቃል።

ዘዴው ይኸው ነው። ከውሃው ገጽ እስከ ደለሉ አናት ስንት እንደሆነ ትለካላችሁ። እዚያው ቦታ ላይ ከውሃው ገጽ እስከ ድሮው የኩሬ መሬት ደግሞ ትለካላችሁ። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ስትቀንሱ የሚቀረው የደለሉ ውፍረት ነው። ሒሳቡ ይህን ያህል ነው። ከባዱ የደለሉ አናት የት እንደሚጀምር፣ የድሮው መሬትስ የት እንደሆነ በእጅ መለየት ነው። እዚያ ስንደርስ ረጋ ብለን እናየዋለን።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ፕላስቲክ አለው ወይስ የለውም?

ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ ፌሮ ውሃ ውስጥ አታስገቡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየገጠሩ በዘመቻ ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ ጂኦሜምብሬን፣ ማለት ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ሸራ፣ የተነጠፈባቸው ናቸው። ፌሮ በጉልበት ተጭኖ ሸራውን ከነካው ይበሳዋል። ደለሉን ልትለኩ ሄዳችሁ ውሃውን አፍስሳችሁ ትመለሳላችሁ። እንዲህ ላለው ኩሬ ሌላ መንገድ አለ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አፈር ብቻ የሆነ ኩሬ ከሆነ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ሲቆፈር ጥልቀቱ ስንት ነበር? ከታች ምን ወጣ? ቀይ አፈር ነው፣ ድንጋይ ነው ወይስ ዋልካ? ለመጨረሻ ጊዜ የተጠረገው መቼ ነው? መልሱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ላይሆን ይችላል። ግን ፌሮው ከታች ምን ሊነካ እንደሚገባ ቀድማችሁ ካወቃችሁ፣ እጃችሁ የሚነግራችሁን ለማመን ይቀላል።

መቼ ይለካ?

በክረምት አይለካም። ጎርፍ እየገባ ውሃው ድፍርስ ነው፤ ጭቃው ገና አልረጋም። ደህናው ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። የክረምቱ ደለል ረግቷል፤ ውሃውም አልሸሸም። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ በልጉ ሳይገባ ጨርሱ።

ኩሬው በበጋ ጭርሱን የሚደርቅ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ያኔ ጀልባም ፌሮም አያስፈልግም፤ አካፋ ይበቃል። እሱንም ከታች አስገብቼዋለሁ።

ዕቃው

ፌሮው ባለ 12 ይሁን። ባለ 8 ይለምጣል። ወፍራም ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ራሱ እየገፋ ይገባና እጃችሁን ያታልላል። ርዝመቱ ከኩሬው ጥልቀት ቢያንስ በአንድ ሜትር ይብለጥ፤ ለብዙ ኩሬ 4 ሜትር ይበቃል። ጫፉን አታሹሉት። ሹል ጫፍ የድሮውን መሬትም ሰንጥቆ ይገባል። ዱልዱም አድርጋችሁ ተዉት። ከላይ በኩል ሁለት ስንዝር ፌሮ አግድም አስበይዱበት፤ ለመጫንም ለመንቀልም እጀታ ይሆናችኋል።

ምልክቱን ከታችኛው ጫፍ ጀምሩ። ዜሮው እዚያ ነው። በየ5 ሳ.ሜ. በሰጌቶ ትንሽ ቁረጡት። በየ50 ሳ.ሜ. ቀይ ቀለም ቀቡት። በቀለም ብቻ ከተማመናችሁ ደለሉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀውና ቀን ሳይመሽ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። የተቆረጠው ግን ጭቃ ቢለብስም በጥፍር ይዳሰሳል።

ሁለተኛው መሣሪያ የደለሉን አናት የሚያገኘው ነው። የባልዲ ክዳን ውሰዱ፤ ስፋቱ ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ. የሆነ። መሃሉን ብሱና ቀጭን የፒቪሲ ቱቦ ጫፍ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ክዳኑን ደግሞ አሥር አሥራ አምስት ቦታ በሚስማር ብሱት፤ ውሃ እንዲያሳልፍ። ካልተበሳ ሲወርድ ውሃውን እየገፋ የጭቃውን አናት ይበትነዋል። ቱቦውም ከታች በኩል ቀዳዳ ይኑረው። አየር የያዘ ቱቦ ይንሳፈፋል፤ እናንተ ወደ ታች ስትገፉት ደለሉ መቃወም የጀመረ ይመስላችኋል። በዚህም ላይ እንደ ፌሮው ምልክት አድርጉ፤ ዜሮው የክዳኑ የታችኛው ገጽ ነው።

ክዳኑ ላይ ድንጋይ ማሰር የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ክብደቱ ልሉን ደለል ጨፍልቆ ይገባል። 10 ሳ.ሜ. ደለል በየነጥቡ ከሒሳብ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት፦ የማይለጠጥ ገመድ፣ ችካሎች፣ ረጅም ሜትር፣ የቀለም ጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አትያዙ፤ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ናይለን ገመድ ውሃ ሲነካው ይለጠጣል። እሱ ብቻ ካለ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ወጥራችሁ፣ ከዚያ ምልክቱን አድርጉበት።

ጀልባ ከተገኘ ጥሩ። ካልተገኘ ባዶ ጀሪካኖች በደንብ ተከድነው ከጣውላ ሥር ይታሰራሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 20 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ስለዚህ ለሁለት ሰውና ለዕቃው ቢያንስ አሥራ ሁለት ጀሪካን አስቡ። ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ፌሮውን ስትጫኑ ይገለበጣል።

ስለ ደኅንነት የማልደራደርባቸው

ብቻውን የሚለካ ሰው አይኑር። ጀልባው ላይ ሁለት፣ ዳር ላይ አንድ። ዳር ያለው ሰው ከጀልባው ጋር የተገናኘ ገመድ ይያዝ። ዋና እችላለሁ ማለት ዋስትና አይሆንም። ደለል ውስጥ የገባ እግር አይዋኝም። የሚለበስ መንሳፈፊያ ከሌለ የተከደነ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ወገብ ላይ እሰሩ፤ አያምርም ግን ይረዳል።

በእግር እየገባችሁ ልትለኩ ከሆነ ጉልበት ላይ ሲደርስ ይብቃችሁ። እግር ከተያዘ ለመታገል አትሞክሩ። ወደ ኋላ ጋደም ብላችሁ ክብደታችሁን አስፍታችሁ እግራችሁን በቀስታ ሳቡ።

ቢልሃርዚያ ያለበት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ቦት ጫማና ረጅም ጓንት ግድ ነው። ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ስለዚህ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም።

አንድ ሌላ ነገር። ዓሣ ያለበት ኩሬ ከሆነ ማለዳ አትጀምሩ። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ሊነጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ጥቁሩ ደለል ከተበጠበጠ የተረፈውንም ይጨርሰዋል፤ ቆሮሶው አፉን ውሃው ላይ ከፍቶ ታዩታላችሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ የውሃውን ልክ ያዙ

ዳር ላይ፣ ውሃው ውስጥ፣ አንድ ችካል ምቱ። የውሃው ገጽ የነካበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሥራውን ስትጨርሱ እንደገና እዩት። ጠዋት ከብት ጠጥቶ፣ ከሰዓት ፓምፕ ተነስቶ 6 ሳ.ሜ. ከወረደ የጠዋቱና የከሰዓቱ ንባብ አይገናኙም። የደለሉን ውፍረት አይነካውም፤ ሁለቱንም ንባብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስለምትወስዱ። ግን በኋላ የኩሬውን የታች ካርታ ልትሥሉ ስትሞክሩ ይቸግራችኋል።

የውሃው ገጽ ከትርፍ ውሃ ማስወገጃው ስንት ዝቅ እንዳለም በውሃ ልክና በሲባጎ ለክታችሁ ጻፉ። ኩሬው ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘውን ለማስላት ይኸው ቁጥር ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ የት የት ይለካ?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መሃል ላይ አንድ ቦታ ይለካና "60 ሳ.ሜ. ነው" ብሎ ይሄዳል። ደለል ግን እኩል አይተኛም። ጎርፉ የሚገባበት በር ላይ ውሃው ፍጥነቱን ሲያጣ መጀመሪያ የሚጥለው አሸዋውንና ጠጠሩን ነው። እዚያ ክምር ይሠራል። ቀጭኑ ሸክላ ግን ሳይወርድ ይጓዝና ጥልቁ ቦታ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ግድቡ ሥር ይረጋል። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ነው።

ስለዚህ ኩሬውን እንደ ሣጥን ወረቀት ከፋፍሉት። ለምሳሌ 30 በ20 ሜትር የሆነ ኩሬ በ5 ሜትር በ5 ሜትር ሲከፈል 24 ሣጥን ይወጣዋል። በእያንዳንዱ ሣጥን መሃል አንድ ጊዜ ትለካላችሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ርዝመቱን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ዳር ላይ ፊት ለፊት ችካል ምቱ፤ የመጀመሪያው 2.5 ሜትር ላይ፣ ቀጣዩ 7.5 ላይ፣ ከዚያ 12.5 እያላችሁ። ገመዱን ከችካል ወደ ችካል ወጥሩ። ገመዱ ላይም እንደዚሁ ከዳሩ 2.5፣ 7.5፣ 12.5 እና 17.5 ሜትር ላይ ጨርቅ እሰሩ። ጀልባው ገመዱን ይዞ ይሄዳል፤ ጨርቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል። መቅዘፍ አያስፈልግም፤ ነፋስም አይወስደውም።

ቅርጹ የተጣመመ ኩሬ ላይም ይህ ይሠራል። ዳር ላይ የተቆራረጡትን ሣጥኖች ግማሽ ወይም ሩብ ብላችሁ ትይዟቸዋላችሁ።

ስንት ነጥብ ይበቃል? ለትንሽ የቤተሰብ ኩሬ 9 ወይም 12። ለማኅበረሰብ ኩሬ ከ25 በላይ። መግቢያው ጋ ግን ሁልጊዜ ጨምሩበት። በቂ መሆኑን የምታጣሩበት ዘዴ አለ። ለክታችሁ ስትጨርሱ አንድ እየዘለላችሁ ግማሹን ነጥብ ብቻ ወስዳችሁ አማካዩን አስሉ። ከሙሉው አማካይ ጋር ከተቀራረበ ጨርሳችኋል። በሰፊው ከተለያየ ተመልሳችሁ ገመዱን በመሃል በመሃል ወጥሩ።

ደረጃ 3፦ የደለሉን አናት ማግኘት

ክዳን ያለውን ቱቦ ቀጥ አድርጋችሁ በቀስታ አውርዱት። በሁለት ጣት ነው የሚያዘው፤ በጭብጥ አይደለም። ውሃ ውስጥ ሲወርድ ያለ ድካም ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጣቶቻችሁ መካከል ያለው ክብደት ቀለል ይላል። ክዳኑ አረፈ ማለት ነው። እዚያው አቁሙ። አትጫኑት። የውሃው ገጽ የነካውን ምልክት አንብቡና ለጸሐፊው ጩኹለት።

መጀመሪያ ላይ "አርፏል ወይስ አላረፈም" የሚያሰኝ ጊዜ አለ። ከላይ ያለው ደለል ገና ያልረጋ፣ እንደ አጥሚት የቀጠነ ሲሆን እንዲህ ይሆናል። መፍትሔው ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጎ መካከለኛውን መጻፍ ነው። ሦስቱ ንባቦች ከ5 ሳ.ሜ. በላይ ከተራራቁ በደብተሩ ላይ "ልል" ብላችሁ አጠገቡ ጻፉ። ማሽን ሲመጣ ይህን ልል ጭቃ በአካፋው መዝገን አይችልም። ወይ በፓምፕ ይወጣል ወይ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ስለዚህ ማስታወሻዋ ከቁጥሩ እኩል ትጠቅማለች።

ማዕበል ካለ ንባቡ ይንቀጠቀጣል። ከፍታውንና ዝቅታውን አይታችሁ መሃሉን ያዙ።

ደረጃ 4፦ የድሮውን መሬት ማግኘት

አሁን ፌሮው። እዚያው ቦታ ላይ አውርዱት፤ ግን ክዳኑ ካረፈበት አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጉ፤ የተነካካ ጭቃ ላይ እንዳትደግሙ። ቀጥ መሆኑን ሌላው ሰው ከጎን ይይላችሁ። ያጋደለ ፌሮ ይዋሻል። 20 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል 3 ሜትር የሚያነበው ጥልቀት እውነቱ 2 ሜትር ከ82 ነው። 18 ሳ.ሜ. የሌለ ደለል ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ተጫኑ፤ በሁለት እጅ፣ ሳትዘሉ፣ ሳትመቱ። በመዶሻ የሚለካ ደለል የለም። ሁልጊዜም አንድ ሰው ይጫን፤ ጎረምሳውና አዛውንቱ እየተፈራረቁ ከተጫኑ ሁለት የተለያየ ኩሬ ለካችሁ ማለት ነው።

እጃችሁ የሚሰማው ይለያያል። ደለሉ ውስጥ ፌሮው በለሰለሰ ግፊት ይወርዳል፤ ድምፅም ንዝረትም የለውም። አሸዋ ሲነካ እጀታው ላይ ኮረኮንች መንገድ የመሰለ ንዝረት ይመጣል። አለት ወይም ድንጋይ ከሆነ "ቀጭ" ብሎ ይቆማል፤ ይህ የማያጠራጥር ነው፤ ግን አንድ ድንጋይ ብቻ እንዳይሆን ሁለት ስንዝር ራቅ ብላችሁ ድገሙት። ጠጣር ሸክላ ላይ ሲደርስ በድንገት አይቆምም። እየከበደ እየከበደ ይሄድና ይይዘዋል። ስትነቅሉትም ይጎትታል።

አሸዋ ስለሰማችሁ ብቻ መሬት ነክተናል አትበሉ። መግቢያው አካባቢ ያለው አሸዋ ራሱ ጎርፍ ያመጣው ደለል ነው። ከሥሩ ሌላ ልስላሴ ካለ ፌሮው አሸዋውን አልፎ እንደገና በቀላሉ ይወርዳል። ስለዚህ ንዝረት ሲመጣ ጥቂት ጨምራችሁ ተጫኑ።

ፌሮውን ስታወጡ ወዲያው አትጠቡት። ጫፉ ላይ የተጣበቀውን እዩ። ደለሉ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፤ ይሸታል፤ በጣት ሲታሽ እንደ ቅባት ያንሸራትታል። ጫፉ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ አፈር፣ የድሮ ሥር ወይም ጠጠር ካለ የድሮውን መሬት ነክታችኋል።

ችግር የሚመጣው ዋልካ ላይ ነው። የድሮው መሬት ራሱ ጥቁር ነው፤ ለዓመታት ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል፤ ደለሉም ከዚያው አካባቢ የመጣ ጥቁር አፈር ነው። ፌሮው ከደለሉ ወደ መሬቱ ሲያልፍ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። እዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ውሃ የሸሸው ዳር ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድንበሩን በዓይናችሁ እዩ። ደለሉ ንብርብር አለው፤ ያልተነካው ዋልካ ግን ወጥ ነው። ከዚያ ጉድጓዱ አጠገብ ፌሮውን ተጫኑና ድንበሩ ላይ ሲደርስ እጃችሁ ምን እንደሚሰማው አስለምዱት። ሁለተኛ፣ በቱቦ ናሙና አውጡ።

በቱቦ ናሙና ማውጣት

ውስጡ የሚያሳይ፣ ስፋቱ 5 ሳ.ሜ. ገደማ የሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ ካገኛችሁ ከፌሮው የበለጠ ይናገራል። ከላይና ከታች ክፍት አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ እስከሚቆም ድረስ ደለሉ ውስጥ ክተቱት። ቱቦውን እስከ አፉ ውሃ ሙሉት። ከዚያ የላይኛውን አፍ በጎማ ወይም በክዳን አየር እንዳያስገባ አድርጋችሁ ድፈኑ። በቀስታ ሳቡት። አየር ካልገባ ጭቃው አይወርድም። የታችኛው አፍ ከውሃው ሳይወጣ ከሥር በእጅ ያዙት።

ዳር ወስዳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ከላይ ውሃ፣ ከሥር ልሉ፣ ከዚያ ጠንከር ያለው፣ ከታች የድሮው መሬት ተደራርበው ታዩአቸዋላችሁ። በሜትር ለኩት። ቱቦው ሲገባ ጭቃውን ትንሽ ስለሚጨምቀው ከፌሮው ንባብ አንሶ ቢታይ አትደንግጡ። ይህን በሁሉም ነጥብ ማድረግ አድካሚ ነው። አራት አምስት ቦታ አድርጋችሁ ፌሮው እውነት መናገሩን አረጋግጡበት።

ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ከሆነ

እዚህ የድሮውን መሬት መፈለግ አያስፈልግም፤ ይታወቃል። ኩሬው ሲቆፈር ከአፉ እስከ ወለሉ ስንት እንደነበር የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋ ወይም ባለቤቱ ጋ አለ። ከአፍ እስከ አፍ ሲባጎ ወጥሩ። ክዳኑን ብቻ እያወረዳችሁ ከሲባጎው እስከ ደለሉ አናት ለኩ። ወለሉ ከሲባጎው 3 ሜትር ከሆነና ክዳኑ 2 ሜትር ከ35 ላይ ካረፈ፣ ደለሉ 65 ሳ.ሜ. ነው።

ጎኑ ተዳፋት ስለሆነ ዳር ዳር ላይ ያለው የመጀመሪያ ጥልቀት ያንሳል። ተዳፋቱ አንድ ለአንድ ከሆነ ከአፉ 1 ሜትር ገባ ያለው ቦታ የድሮ ጥልቀቱ 1 ሜትር ነው። ከዚያ ቁጥር ላይ ቀንሱ። መንካት ግድ ከሆነ ጫፉ ክብ በሆነ ክዳን የተደፈነ የፒቪሲ ቱቦ ተጠቀሙ፤ እሱም በቀስታ።

የደረቀ ኩሬ

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ባይሆን እንኳ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ጉድጓድ ከመግቢያው እስከ ግድቡ መስመር ሠርታችሁ አምስት ስድስት ቦታ ቆፍሩ። ግድግዳውን በቢላዋ ላጭታችሁ አጽዱት። አንዳንዴ የየክረምቱን ጎርፍ አንድ በአንድ ታዩታላችሁ፤ ከሥር አሸዋ፣ ከላይ ቀጭን ሸክላ፣ እንደገና አሸዋ። ከብት ያልበጠበጠው ቦታ ላይ ከሆነ እየቆጠራችሁ የየትኛው ዓመት ክረምት ከባድ እንደነበር መገመት ሁሉ ትችላላችሁ።

የደረቀ ደለል ግን ይኮማተራል። የምትለኩት ውፍረት እርጥብ ሳለ ከነበረው ያንሳል። ስለዚህ "ደረቅ" ብላችሁ ጻፉ፤ ከእርጥቡ ጋር አታደባልቁት።

ሒሳቡ

ያ 30 በ20 ሜትር ኩሬ ተለክቷል እንበል። ስድስት መስመር አለ፤ በየመስመሩ አራት ነጥብ። የየመስመሩ የደለል ውፍረት ድምር ከመግቢያው ጀምሮ በሳንቲ ሜትር 220፣ 245፣ 185፣ 150፣ 115 እና 90 ሆነ። ጠቅላላው 1,005 ሳ.ሜ.፣ ማለት 10.05 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 25 ካሬ ሜትር ይወክላል። 10.05 ሲባዛ በ25፣ 251 ሜትር ኪዩብ ደለል ነው። አማካይ ውፍረቱ ደግሞ 42 ሳ.ሜ. ገደማ።

መሃል ላይ አንድ ቦታ ለክቶ 60 ሳ.ሜ. ያለው ሰው 360 ሜትር ኪዩብ ብሎ ይደራደር ነበር። ከ100 ሜትር ኪዩብ በላይ የሌለ ጭቃ ሊከፍልበት ነው።

ሲኖ ትራኩ 16 ሜትር ኪዩብ የሚጭን ከሆነ 251ዱ 16 ቢያጆ ይሆናል። እርጥብ ጭቃ ግን ሞልቶ አይጫንም፤ ይፈሳል፤ መኪናውንም ያከብደዋል። ጥቂት ቢያጆ ጨምራችሁ አስቡ። በሰው ጉልበት፣ በባሬላና በካሪዮላ የሚወጣ ከሆነም ይኸው ቁጥር ሥራውን ለየጎጡ ለማከፋፈል ይረዳል። የትኛው መስመር ላይ ስንት እንዳለ ስለምታውቁ፣ መግቢያው የደረሰው ቡድን "የእኛ በዛ" ሲል መልስ አላችሁ።

ኩሬው ከተቆፈረ 8 ዓመቱ ከሆነ በዓመት በአማካይ 31 ሜትር ኪዩብ ገብቶበታል። ተጠርጎ ሲያልቅም ያው ጎርፍ ይመጣል። ከላይ ያለው ተዳፋት እርከን ካልተሠራለት፣ መግቢያው ላይም የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ካልተቆፈረ፣ ይህ ቁጥር ቀጣዩ ጠረጋ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነግራችኋል።

ትልልቆቹ ግድቦችስ?

የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አዋሽ ይዞት የሚመጣው ደለል የማያቋርጥ ራስ ምታቱ ነው። ጎንደርን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብም በዚሁ ይታወቃል። ሱዳን ውስጥ ያለው የሮዛሪስ ግድብ ከእኛ ደጋ በሚወርደው የዓባይ አፈር ብዙ የመያዝ አቅም አጥቷል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ቁመቱን በ10 ሜትር የማሳደጉ ሥራ ተጠናቋል። እንዲህ ያለ ቦታ ፌሮ አይደርስም። ከጀልባ ላይ ድምፅ ወደ ታች ይለቀቅና ተመልሶ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ይለካል። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ፣ 200 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ከልሉ ጭቃ አናት ይመለሳል። ዝቅተኛው ጭቃውን ዘልቆ ጠንካራውን ይነካል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነቡ ልዩነቱ የልሉን ጭቃ ውፍረት ያሳያል። የእኛ ክዳንና ፌሮ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው።

ርካሹ የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው ድግግሞሽ ስለሚሠራ የደለሉን አናት ብቻ ነው የሚያሳየው። በእሱ ውፍረት ለካሁ የሚላችሁን አትመኑ። ውሃው ጥልቅ ለሆነ ኩሬ ግን የክዳኑን ሥራ ሊተካ ይችላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ

ኩሬው ከተጠረገ በኋላ፣ ውሃ ሳይገባበት በፊት፣ ሦስት ቦታ ፌሮ ትከሉ፤ መግቢያው ጋ፣ መሃሉ ላይ፣ ግድቡ ሥር። ፕላስቲክ ካለው ይህን ዝለሉት። ፌሮው ከመሬቱ በላይ አንድ ሜትር ይታይ። ከብትም ልጅም ስለሚገባ ጫፉን ቆልምሙት፣ ወይም የውሃ ፕላስቲክ ደፍታችሁ እሰሩበት። በየዓመቱ ውሃው ሲሸሽ ከደለሉ በላይ የቀረውን ርዝመት መለካት ነው። 92 ሳ.ሜ. ከቀረ 8 ሳ.ሜ. ገብቷል።

ችካሎቹ ያሉበትን ቦታም ከአንድ ከማይነቀል ነገር፣ ከትልቅ ድንጋይ ወይም ከግድቡ ጫፍ፣ በሜትር ለክታችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ቀኑን፣ የውሃውን ልክና ፌሮውን የተጫነውን ሰው ስምም ጨምሩበት። ከዚያ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ደብተር ጭቃ ላይ ይወድቃል።